የዘሃራ የመጀመሪያ ፆም

ያን ቀን እኔ፣ አማቴ እመት ከዲጃ፣ ልጄ ዘሃራና በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤቴ ሙሚና ነበርን። ባሎቻችን መስጊድ ነበሩ። ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ አዳማ ገና ትንሽ የባቡር ከተማ ሳለች ነው። ረመዳን በገባ ቁጥር ልጄ ስለምታነሳብኝ ልርሳው ብልም አልችልም።

ዘሃራ ቀኑን ሙሉ ስትፆም የመጀመሪያዋ ነበር። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ጭንቀቴን ይረዳል። ከቀትር በኋላ ከንፈሯ ደርቆ ሳይ ውሃ ይዤ ቀረብኳት። "እማ፣ ተይኝ!" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ሙሚና መጥታ ጥላ ስር አስተኛቻት። ጭኗን አንተርሳ ቁርኣን ትቀራላት ጀመር። እሷ የአርሲ ሼህ ልጅ ናት፤ ቁርኣን ብዙ ተምራለች። እኔ የማውቀው ለሶላት የሚበቃኝን ነው። ልጄ "አዳዳ፣ ድገሚልኝ" ትላታለች፤ በኦሮምኛ አክስቴ ማለቷ ነው። እኔን ድገሚልኝ ብላኝ አታውቅም።

አማቴ ምንም አያመልጣቸውም። "ይህቺ ልጅ ሁለት እናት አላት። አንዷ ትነዘንዛታለች፣ አንዷ ታጫውታታለች" አሉኝ። ሳቅኩ፤ ነገሩ ግን አልጣመኝም።

ለራሴ ያስቀረሁት አንድ ነገር ነበር። ፆመኛን ያስፈጠረ፣ ፆሙን ያስፈታ ሰው፣ የፆመኛውን ያህል አጅር፣ የአላህን ምንዳ፣ ያገኛል። የልጄን የመጀመሪያ ፆም አጅር ለማንም አልሰጥም ብዬ፣ ባሌ ከድሬዳዋ ያስመጣውን ተምር በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ ይዣለሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሾርባውን ላወጣ ገባሁ። ስመለስ ዘሃራ የለችም። አማቴ፣ ወደ ቤቷ ለተመለሰችው ለሙሚና ቂጣ አስይዘው ልከዋታል። ወዲያው አዛን ተባለ። ሮጥኩ።

ስደርስ ልጄ ከሙሚና እጅ ውሃ እየጠጣች ነው።

"ምናለ ትንሽ ብትጠብቂኝ?" አልኳት።

"አዛን ከተባለ በኋላ? ፈጥኖ ማፍጠር ሱና አይደል እንዴ!" አለችኝ። ልክ ናት። ልክ መሆኗ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። "አንቺስ አፍጥረሻል፣ የዘሃራ እናት?"

ረስቼው ነበር። ጣሳውን ዘረጋችልኝ። እምቢ ልል አሰብኩ፤ ጉሮሮዬ ግን ደርቋል። ጠጣሁ።

አማቴ ከአጥሩ ማዶ "ሙሚና! ዛሬ የቤታችንን አጅር ጠቅልለሽ ወሰድሽው!" ብለው ጮኹ።

"እኔ ራሴ እኮ አልቀመስኩም" አለች እየሳቀች። ምን ላድርግ? ቋጠሮዬን ፈትቼ ተምሩን ሰጠኋት። ቀመሰችና እጇን ዘርግታ ዱዓ ያዘች። ለዘሃራ ረጅም ዕድሜ ለመነች። ለራሷ ምንም አልለመነችም፤ ብዙ ዘመን በትዳር ኖራ አልወለደችም ነበር።

ፆመኛ ሲያፈጥር የሚያደርገው ዱዓ አይመለስም ይባላል። እኔም እጄን ዘረጋሁና በልቤ አላህ ልጅ እንዲሰጣት ለመንኩላት። ለእሷ አዝኜ አልነበረም። የራሷን ወልዳ የኔን እንድትተውልኝ ነው።

ጦርነቱ ሳይጀመር ባሏ ይዟት ዓለም ጤና ወደምትባለው ከተማ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም። ዘሃራ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ፆም ስትፈታ አሁንም "አዳዳ እንዲህ ትል ነበር" ትለኛለች። አሁንም ያመኛል፤ ግን ሙሚና ትናፍቀኛለች።

የአርሲዋን ሙሚናን የሚያውቅ አንባቢ ካለ፣ ወልዳ እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።