ድምፅ የሌላት ብስክሌት

እንግዳው ለሥራ መመላለሻ ከሲራጅ ሱቅ ብስክሌት ሲመርጥ ቀለም አላየም፤ የእያንዳንዷን ጎማ እያሽከረከረ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ እንጂ። በዚያ በከሚሴ ሙቀት ጥቁር ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎታል፤ ላብ ግን አይታይበትም። ድምፅ ያላሰማችውን ወሰደና ደወሏን ፈትቶ ለሲራጅ ሰጠው።

«ያለ ደወል ከገበያ ግመል ጋር ሊጋጩ ነው?» አለ ሲራጅ እየሳቀ። «ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መርዶ አደርሳለሁ። ሰው ከሩቅ ሰምቶኝ እንዳይደነግጥ ነው።»

የሲራጅ ሣቅ ቆመ። ልጁ አደም ለሥራ ወደ አሰብ ከወረደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል።

«ዛሬ ወዴት ነዎት? ባቲ? ሰንበቴ?» አለ፣ ሩቅ አገር እንዲጠራለት እየተመኘ።

እንግዳው ብስክሌቷን ሳይወጣባት ከግድግዳው አስደገፋት፤ ባርኔጣውንም አወለቀ።

«የአደም አባት፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እስቲ ቁጭ በሉ።»