አሥራ ሁለተኛው ትርጉም

እዚህ ላይ የማንንም ስም አልጠራም። ለእነሱ ክብር ብዬ አይደለም። ግማሾቹ ሞተዋል፤ የሞተ ሰው ስም ሲነሳ ዘመድ ሁሉ «ነፍስ ይማር» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፤ እኔ ደግሞ እንዲዘጋ አልፈልግም። በሕይወት ያሉት ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሰበታ የገባሁት እናቴ ተጂ ላይ በሞተች በወሩ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴን አላውቀውም። የወሰደችኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከጅማ መንገድ ዳር ሱቅ ነበራት፤ ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ አቡጀዲ ትሸጣለች። በሕይወት ሳለች «እትዬ፣ እርስዎ» እላት ነበር። እዚህ ግን «እሷ» ትበቃታለች።

ወደ ጅማ የሚወርደው አውቶቡስ በየቀኑ ሱቋ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ያው አውቶቡስ በተጂ ያልፋል። እናቴ ስትሞት ግን አክስቴ አልመጣችም። ለቀብሩም አልመጣች፣ ለሠልስቱም አልመጣች። ለቀስተኛው ሁሉ «እህትየውስ?» እያለ ሲጠይቅ እኔ ዳሱ ውስጥ ሆኜ አሻግሬ መንገዱን አይ ነበር። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን እቆጥራለሁ። በኋላ ለምን እንደቀረች ስጠይቃት «መኪና አጣሁ» አለችኝ። የገበያ ቀን እንደነበረና ሱቋ እስከ ማታ ክፍት ሆኖ እንደዋለ የነገሩኝ የራሷ ደንበኞች ናቸው።

ትምህርት ቤት ያስገባችኝ ሰው እንዳይታዘባት ነው። ከትምህርት በፊት ውሃ፣ ከትምህርት በኋላ ሱቅ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ በስሜ የጠራችኝ ቀን ትዝ አይለኝም። «አንቺ፣ ጨው መዝኚ! አንቺ፣ በሩን ዝጊ!» ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ከሴቶቹ መካከል ለአንዲት ብቻ የዳይሬክተሩን ደብዳቤ ይሰጣል። ያንን ደብዳቤ የያዘች አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ምግቡም መኝታውም ከዚያው ነው።

«ደብዳቤውን ካገኘሽ ሂጂ፤ ሸክምሽ ከኔ ላይ ይወርዳል» አለችኝ። «ካላገኘሽ ሱሉልታ ለባሌ ወንድም ቃል ገብቼለታለሁ። ሱቅ የምታይለት ሰው ይፈልጋል።»

ደብዳቤውን ማን እንደሚያገኝ የሚወስነው የእንግሊዝኛ መምህራችን ነበር። ቀጭን፣ ክራባቱን የማይፈታ፣ ሲቆጣ በእንግሊዝኛ የሚሳደብ ሰው ነው። ማረፊያው የአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ቤት ነበር። ከእነሱ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ምሳም እራትም ከቤተሰቡ ጋር ይበላ ነበር። ልጅቷ ጓደኛዬ ናት ስል አንድ ወንበር ላይ እንቀመጥ ነበር ማለቴ ነው።

መምህሩ የወላጆች ቀን ሲደርስ የቃል ውድድር ያደርጋል። ከወር በፊት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የቃሏን ብዙ ትርጉም ሰብስቦ በወላጅ ፊት በአማርኛ የዘረዘረ ያሸንፋል፤ ከሴቶቹ የበለጠችው ደብዳቤውን ታገኛለች። የዚያን ዓመት ቃል «ራን» ነበረች።

«ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት» አለን። «ሃያ ትርጉም ያመጣልኝ አንደኛ ነው።»

ክፍሉ በሙሉ አንዱን ብቻ ያውቅ ነበር፤ መሮጥ። ልጆቹ ሾፌር አስቁመው ጠየቁ፣ ለፈረንጅ የሠራ ጎረቤት ለመኑ፤ ሦስትም አራትም አገኙ። ትምህርት ቤቱ ያለው መዝገበ ቃላት አንድ ነው፤ እሱም በዳይሬክተሩ ቢሮ ቁም ሳጥን ተቆልፎበታል። መምህሩ ራሱ ሲከፍተው አይቼ አላውቅም።

ዓርብ ከሰዓት የዳይሬክተሩን ቢሮ የምንጠርገው ሴቶቹ ነበርን፤ ወንዶቹ ሣር ያጭዳሉ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ጀርባ ምስማር ላይ እንደሚሰቀል አቧራ ስጠርግ አይቻለሁ። ለጓደኛዬ ነገርኳት። እሷ በር ላይ ትቆማለች፣ እኔ እቀዳለሁ። በአራት ዓርብ ጨረስኩት።

እነዚያን አራት ዓርቦች ማንም አይወስድብኝም። ወንዝ ሲወርድ ራን ነው። አፍንጫ ሲፈስ ራን ነው። አዲስ ጨርቅ ሲታጠብ ቀለሙ ሲለቅ፣ ስቶኪንግ ሲተረተር፣ ሞተር ሲሠራ፣ አውቶቡስ በመስመሩ ሲመላለስ፣ ወሬ ሲዛመት፣ ሰው ለሹመት ሲወዳደር፣ ሱቅ ሲተዳደር ሁሉ ራን ነው። እኛ ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱ ቃል አለን። እንግሊዞቹ ግን ይቺን ሚጢጢ ቃል እንደ ቤት ሠራተኛ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ደጅ ያሯሯጧታል። አሳዘነችኝ። ለቃል ያዘነ ሰው አለ ቢሉኝ እኔ ነኝ።

አንድ ችግር ነበር። የገጹን ጥግ አይጥ በልቶታል። ከአሥራ አንደኛው ትርጉም ቀጥሎ ያለው የለም፤ አሥራ ሦስተኛው ከታች ይጀምራል። ሃያ ቁጥር ደብተሬ ላይ አስምሬ ነበርና አሥራ ሁለተኛው ባዶ ሆኖ ቀረ። ሁለት ቀን ባዶውን ሳየው ሰነበትኩ። አክስቴ በስድብ የቀሰቀሰችኝ አንድ ቀን ከጨው ጆንያው ላይ ተቀምጬ ሞላሁት፦ «12. ራን፦ የዘመድ ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት።»

እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እስከ ውድድሩ ሌላ አግኝቼ አጠፋዋለሁ ብዬ ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ጓደኛዬ ደብተሩን አውሺኝ አለችኝ።

«በር ላይ ቆሜልሽ የለም እንዴ? አምስቷን ብቻ ቀድቼ ነገ አመጣልሻለሁ።»

ሰጠኋት። በማግስቱ ረሳሁት አለች። በሦስተኛው ቀን ቀረች።

የወላጆች ቀን ግቢው ሞልቶ ነበር። ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከፊት ወንበር፤ ከየገጠሩ የመጡት ገበሬዎች ከኋላ አግዳሚ ላይ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። መምህሩ መጀመሪያ የጠራው ጓደኛዬን ነው።

የተሰፋ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ታወርደው ጀመር። አንድ፣ ወንዝ ሲወርድ። ሁለት፣ አፍንጫ ሲፈስ። በኔ ቅደም ተከተል፣ በኔ ቃል። አሥራ አንድን አለች።

«አሥራ ሁለት፦ የዘመድ ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ማል ጄቴ?» አለ። ምን አለች ማለቱ ነው። አጠገቡ ያለው በኦሮምኛ ሲነግረው ሽማግሌው በአማርኛ ጮክ አለ፦

«ወይ ጉድ! ፈረንጅም ለቅሶ ይቀራል?»

«ኦቦ፣ ካልቀረማ ቃሉን ከየት አመጣው?» አለው ሌላው።

«እንግዲያው ይቺን ቃል ለኛ አገር ተዉልን። ብዙ ሥራ አላት!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አክስቴም ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተነቃነቀ። መምህሩ ደግሞ ራሱን ከፍ ዝቅ አድርጎ «ትክክል! እጅግ ትክክል! ይህ ጥልቅ የሆነው ትርጉም ነው» አለ። አላውቀውም ከማለት እንደዚያ ማለት ቀለለው። የዚህን ሰው እውቀት ልክ ያየሁት ያን ቀን ነው። በኋላ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ ሲሉኝ አልገረመኝም።

ሃያውን ጨርሳ ተጨበጨበላት። ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ።

«ደብተሩ የኔ ነው» አልኩ።

«የምን ደብተር?» አለ መምህሩ።

«ያወረደችው ሁሉ ከኔ ደብተር ነው።»

«እሺ፣ አንቺ ከየት አመጣሽው?»

ጓደኛዬ ከጎኔ እንደቆመች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ተናገሪ፤ እኔም የቁልፉን እናገራለሁ» አለችኝ።

ቁም ሳጥን መክፈት ያስባርራል። እሱስ ይሁን፤ ለመባረር ቆርጬ ነበር። ማስረጃዬ ግን አንድ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛው ውሸት ነው፣ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ መዝገበ ቃላቱን አምጥታችሁ እዩ ማለት ነበረብኝ። ያን ብል «ለምን እንደዚያ ብለሽ ፈጠርሽ?» ሊሉኝ ነው። ወደ ሁለተኛው ረድፍ አየሁ። አክስቴ ገና ሳቋን አልጨረሰችም፤ ጎረቤቷን በክርኗ እየነካች የሽማግሌውን ቀልድ ትደግምላታለች። ማታ የምበላው የእሷን እንጀራ ነው፣ የምተኛው ሱቋ ውስጥ ነው።

ወደ ቦታዬ ለመመለስ ዞርኩ።

«ተቀመጪ» አለኝ መምህሩ። «ቅናት መጥፎ ነገር ነው።»

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ መንገዱን ሙሉ ስታመሰግን መጣች። «ያቺ ልጅ እንዴት አድርጋ አንበለበለችው! የአንቺ አፍ ግን ሰው ፊት ይለጎማል።» ከዚያ ቀጥላ «የለቅሶዋ ደግሞ! እንዲህ ያለ ቃል አላቸው ለካ» ብላ እንደገና ሳቀች። እናቴ ትዝ አላለቻትም። ብትደነግጥ፣ ብትቆጣ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ሱሉልታ ነበርኩ።

ስለ ሱሉልታ ብዙ አልጽፍም። ስምንት ዓመት ጨው መዘንኩ። ከጫንጮ አዲስ አበባ በሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች ሾፌሮች እጅ የትምህርት መጻሕፍት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ የመልቀቂያ ፈተናውን በግሌ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ከዚያ ቡራዩ በጊዜያዊ መምህርነት ተቀጠርኩ፤ በኋላም ቋሚ ሆንኩ። የምን ትምህርት ቢሉ የእንግሊዝኛ።

ከዓመታት በኋላ ያቺ ጓደኛዬ ቡራዩ መጣች። በእኔ ደብዳቤ አዳሪ ገብታ፣ አጠናቃ፣ ደህና ደመወዝ ያለው ሠራተኛ አግብታለች። ገበያ ላይ አየችኝና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አንቺ! አለሽ እንዴ? መምህር ሆንሽ አሉ! እኔ እኮ ድሮም ጎበዝ ናት እላለሁ።»

የመጀመሪያ ልጇ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፣ እንግሊዝኛ ከብዷታል፣ ከሰዓት እቤትሽ እየመጣች አስጠኚያት አለችኝ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ የሚጠይቁኝ አሉ። መልሱን ለራሴ አስቀምጫለሁ።

ልጅቷ ፈጣን ነበረች። ከእናቷ በብዙ ትሻላለች፤ ይህን መጻፍ ደስ ባይለኝም እውነት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቦርሳዋን ከፍታ አንድ አሮጌ ደብተር አወጣች። ሽፋኑን ሳየው አወቅሁት። ላምባ የነካው የታች ጥግ እንኳን እንዳለ ነው።

«ይሄ የማነው?» አልኳት።

«የእማዬ ነው፣ ቲቸር። ልጅ ሆና የጻፈችው። ለወላጆች ቀን ተወዳድራ አንደኛ የወጣችበት። ቃሉን ሁሉ ከዚህ አጥኚ ብላኝ ነው።»

ገለጥኩት። የእጅ ጽሑፌ እዚያው አለ። የፊተኛውን ቅጠል ብቻ፣ ስሜ የነበረበትን፣ ቀድዳዋለች።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና አሥራ ሁለተኛው ላይ ኤክስ አደረግሁበት። ከጎኑ «ስህተት» ብዬ ጻፍኩ።

«ስህተት ነው ልበላት?» አለች ልጅቷ ደንግጣ።

«ደብተሩ እኔ ጋ ይቆይ። እናትሽን ግን ጠይቂልኝ። አሥራ ሁለተኛውን ከየት አገኘሽው ትልሻለች በያት። የትም መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም በያት።»

በማግስቱ በሰዓቷ መጣች። አልተቀመጠችም፤ በሩ ላይ ቆማ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። የተላከችውን ሳታዛባ ለማድረስ ስትጨነቅ ያስታውቃል።

«እማዬ የነገረችኝን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«'አሥራ ሁለተኛውን የጻፈችው እሷ ራሷ ናት፤ ከየት እንዳገኘችው ታውቀዋለች። እሷስ ለአክስቷ ለቅሶ ደርሳለች ወይ? በያት' ብላኛለች።»

አልደረስኩም። አክስቴ የሞተች ጊዜ ቡራዩ ነበርኩ፤ መርዶው በወጉ ደርሶኛል፤ ወደ ሰበታ የሚሄድ መኪናም ነበር። የዚያን ቀን ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ያቺ ሴት ይህን ጠይቃ፣ አጣርታ፣ እስክትፈልገው ድረስ ይዛው ነበር ማለት ነው። በገዛ ልጇ አፍ ላከችልኝ።

ግን ሌላም ነገር ልካለች፤ የላከችው አይመስለኝም። «የጻፈችው እሷ ራሷ» ብላለች። ያን ቀን ግቢ ሙሉ ሰው ፊት ያጣሁት ምስክር ስድብ ውስጥ ተጠቅልሎ መጣ። እኔም ስድቡን ሳልጥል ተቀበልኩት።

«ደርሳ አታውቅም በያት» አልኳት ልጅቷን። «አልደረሰችም፣ አልተጸጸተችም በያት።»

«እሺ… ደብተሩስ፣ ቲቸር? እማዬ ይዘሽ ነይ ብላኛለች።»

«ደብተሩ ባለቤቱ ጋ ገብቷል። አንቺ ነገ በሰዓትሽ ነይ፤ ሌላ ደብተር እሰጥሻለሁ።»

ልጅቷ አልተመለሰችም። እናቷ ከለከለቻት። ፈተናውን እንዴት እንዳደረገች አልጠየቅሁም፤ ያልጠየቅሁት መልሱን ስለፈራሁ ነው። ደብተሩ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ቀዩ ኤክስ ደብዝዟል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል።