የልብስ ሰፊዋ ቦታ

ተላላፊው በሽታ የገባ ሰሞን ታፔላ ጻፊው ዳቦ ቤቱ በር ላይ «ተራራቁ» ብሎ ቢጽፍ ሰሚ አጣ። ዳቦው እስኪወጣ ሰው ሁሉ ደጃፉ ያለው ረጅም ደረጃ ላይ፣ እንደለመደው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ያወራል። ታፔላ ጻፊው ደሙ ፈላና ደረጃውን በሜትር ለክቶ የየደንበኛውን ቦታ በቀለም ጻፈ፦ «ጡረተኛው»፣ «ልብስ ሰፊዋ»፣ «ወሬኛው ፀጉር አስተካካይ»። ፀጉር አስተካካዩ ቢያኮርፍም ስሙ ላይ ተቀመጠ።

ከወር በኋላ ልብስ ሰፊዋን በሽታው ገደላት። ቦታዋ ላይ ማንም ሳይቀመጥ ከረመ።

በሽታው ሲጠፋ ታፔላ ጻፊው ጋዝና ጨርቅ ይዞ መጥቶ ጽሑፉን አጠፋ።

«ጋሼ፣ የልብስ ሰፊዋ ቀረች እኮ» አለችው ዳቦ ሻጯ።

«ቀለሙ አልለቅም አለ፣ ምን ላድርግ!» ብሎ ተቆጣ።

ጨርቁ ግን እዚያ ጋ ጭራሽ አልደረሰም።