ግጦሻችንን የቀበርንበት ደቦ

ከአራዳ ወደ አፍንጮ በር ቁልቁል የሚወርድ ሰው ዛሬ የሚያየው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ከተማው ማገዶ አገኘ፣ ለቤት መሥሪያ ማገር አገኘ እያሉ ያመሰግኑታል። የዚያን ዛፍ በጎነት የሚነግረኝ ሰው ግን ደሜን ያፈላዋል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ቀድሞ ምን እንደነበረ አውቃለሁና።

ግራርና ወይራ ነበረ። የሰፈሩ ከብት ሁሉ የሚውለው እዚያ ነው። ጥበቃው በተራ ነበር፤ ዛሬ የእኛ ቤት ከጠበቀ ነገ ጎረቤት ይጠብቃል። በጋው ገፍቶ ሣሩ ሲያልቅ እንኳ ከብቱ አይራብም። የደረቀው የግራር ፍሬ ይረግፋል፤ ያልረገፈውን ባለተራው በቆልማማ በትር ቅርንጫፉን እየሳበ ያራግፈዋል። ላሞቹ የፍሬውን መንኮሻኮሽ ሲሰሙ ከየጥላው ተነሥተው ይመጣሉ። ከወይራውም ለጋ ለጋው ይመለመልላቸዋል። ግንድ መንካት ግን ነውር ነው። አንድ ሰው ለምሰሶ ብሎ ግራር ቢቆርጥ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ፈረደበትና ክረምቱን ሙሉ ያለ ተራው ሲጠብቅ ከረመ። እንዲህ ያለ ሰፈር ነበርን።

እናቴ ባልቴት ነበረች፤ እኔም ከባሌ ተፋትቼ እሷው ቤት ተመልሼ ነበር። ሁለታችንም የምንኖረው በአንዲት ላም ነው። ቅቤዋን አራዳ ገበያ እናወጣለን፣ አሬራዋን እንጠጣለን። ላሟ ነጠፈች ማለት እኛ ጦማችንን አደርን ማለት ነው።

ከቁልቁለቱ ራስጌ የሚኖር አንድ ሹም ነበር። ቦታው የእሱ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ከብቱን የከለከለ ስለሌለ ግን ማንም ነገሬ አላለውም። አንድ ዓመት ክረምት ሲገባ ደቦ ጠራ። ባሕር ዛፍ ልተክል ነውና እርዱኝ አለ። ደቦ የቀረ ሰው የራሱ ሥራ ሲደርስ የሚረዳው አያገኝምና የሚቀር አልነበረም፤ ሁሉም ዶማውን ይዞ ወጣ። እናቴ ብቻ ጉድጓድ መቆፈር ከመጀመሯ በፊት ጠጋ ብላ፣ “ጌታዬ፣ ከብቱስ የት ይውላል?” ብላ ጠየቀችው።

“ችግኙ እስኪጠና ድረስ ብቻ ነው” አላት። “ከዚያ ወዲያማ ከሥሩ ይጋጥ። ዛፍ መቼ ሣር ይበላል?”

አመንነው። ለምን እንዳመንነው ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኛ የምናውቀው ዛፍ ግራር ነው፤ ከግራር ሥር ደግሞ ሣሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይለመልማል። ዛፍ የተባለ ሁሉ እንደዚያ መሰለን። ስለዚህ እየዘፈንን ቆፈርን፤ ምሳውን በላን፣ ጠላውን ጠጣን፣ መርቀነውም ተመለስን። ችግኙ ደኅና እንዲጸድቅለት የመረቁት ደግሞ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ጸደቀለት። ዛፉ ሽቅብ ሲመዘዝ ሣሩ ከሥሩ እየመነመነ ሄደ፤ በመጨረሻም መሬቱ ራቁቱን ቀረ። የወደቀውን ቅጠል ላሚቱ አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ግራሮቹ በባሕር ዛፉ ላይ ጥላ አበዙበት ተባለና የሹሙ ሰዎች በመጥረቢያ ገነደሷቸው፤ ፈልጠውም አራዳ ወስደው ሸጧቸው። ያን ጊዜ ነውር ነው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ለአንድ ምሰሶ ድሀ ጎረቤታቸውን ክረምት ሙሉ ያንከራተቱ ሰዎች የሹሙን መጥረቢያ ድምፅ እየሰሙ ዝም አሉ።

እናቴ ግን ዝም አላለችም። ላማችን የጎድን አጥንቷ ወጥቶ ወተቷ አንድ ስኒ የማይሞላ ሲሆን፣ ሹሙን ከሳ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ቆመች። የድሮ የወል ግጦሽ ነው፣ ይመለስልን አለች። ሹሙ ግን፣ እሷን ራሷን ጠይቋት አለ፤ በጊዮርጊስ አስምለው ጠየቋት።

“ዛፉ ሲተከል የት ነበርሽ?”

“እዚያው ነበርኩ።”

“ምን ትሠሪ ነበር?”

“ጉድጓድ እቆፍር ነበር።”

“ከድግሱስ ቀምሰሻል?”

“አዎን፣ በልቻለሁ።”

አለቀ። በገዛ እጇ ተክላ፣ በልታ ጠጥታ፣ መርቃ የሄደች ሴት ዛሬ ምን አፍ አላት ተብሎ ተፈረደባት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ከፈራጆቹ መካከል ሁለቱ ያን ቀን ከእኛ ጋር ዶማ ይዘው ሲቆፍሩ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ የእነሱም ከብት ጎኑ ገብቷል። እናቴ ማለችና እውነቱን ተናገረች፤ እነሱ ግን በዚያው በእውነቷ ረቷት። እንዲህ ያለውን ፍርድ ፍርድ ብዬ አልጠራውም።

ላሚቱን ለሥጋ ነጋዴ ሸጥናት። ለእርባታ የሚገዛት ሰው አልተገኘም። እናቴ ላሚቱ ስትወሰድ ላለማየት ጓዳ ገብታ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ የሹሙ ጠሪ በየደጁ ዞረ። ከብት እየገባ አዲስ የተተከለውን ችግኝ ሰበረ፣ ነገ አጥር ነው፣ ደቦ ውጡ አለ። ማንም የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር። በማግሥቱ ደጃችን ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ዶማዋን ተሸክማ ስትወጣ አየኋት። እሷም እንደ እናቴ በላም የምትኖር ሴት ናት። ደሜ ፈላ።

“እትዬ፣ የራስሽን ላም ልታጥሪባት ነው የምትሄጂው?” አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። “ጎጆዬ እያፈሰሰ ነው፤ ካልሄድኩ ማን ይከድንልኛል?” አለችኝ።

እሷ መንገዷን ቀጠለች። ላሟ ወደ ግጦሽ የምትሄድ መስሏት ከግቢው ወጥታ ተከተለቻት። እትዬ ዘወር ብላ በዶማው እጀታ መለሰቻት፤ ላሟ ጥቂት ቆማ እንደገና ተከተለቻት።