የግራው ኢርፎን

ግራ ጆሮዬ መስማት እያቆመ ይሆን ብዬ መፍራት የጀመርኩት ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር ነው። በግራ በኩል፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አውጥታ ደጋግማ ስትጠራኝ ቆይታለች። ከኋላ አንዱ፣ «ቲቸር፣ ምነው ዘጋሻት?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። በጩኸት በተሞላ ክፍል ውስጥ በአንድ ጆሮ ማስተማር ይቻል እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሥራዬን ደግሞ እወደዋለሁ። ቀኝ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ግራውን ብቻውን መሞከር ቀላል ነበር። ግን ጣቴን አነሳሁና ሳልደፍር መልሼ አወረድኩት። ሐኪም ጋ መሄድ ደግሞ ከዚያም ይብስ ነበር፤ «አዎ፣ ደክሟል» ቢለኝስ?

ስለዚህ ገመድ አልባ ኢርፎን ልገዛ ወሰንኩ። አዲሱ ስልኬ የገመድ ኢርፎን መሰኪያ የለውም፤ ማንም ለምን ገዛሽ አይለኝም። የግራውና የቀኙ ለየብቻ ስለሚሠሩ፣ ሳልናገር ራሴን እፈትናለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከትምህርት በኋላ ከአቃቂ ታክሲ ይዤ ሳሪስ ወረድኩ። የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ወጣት መስታወቱ ላይ ሁለት ዓይነት ደረደረልኝ። ዋጋቸው ይለያያል፣ ቻርጅ የሚሞሉበት ቀዳዳም ይለያያል። ርካሹ የድሮው ነው፤ ሌላኛው ታይፕ ሲ።

ፍርሃቴን ለመሸሽ ይመስለኛል፣ ማብራራት ጀመርኩ። የድሮው ገመድ በአንድ ወገን ብቻ እንደሚገባ፣ ተገልብጦ በግድ ሲገፋ ቀዳዳውን እንደሚያበላሽ፣ ታይፕ ሲ ግን በሁለቱም በኩል እንደሚገባና ስልኬን የምሞላበት ገመድ እሱንም እንደሚሞላው ነገርኩት።

«ቲቸር ነሽ አይደል?» አለኝ።

«በምን አወቅክ?»

«ሻጩ እኔ ነኝ፣ የምታስረጂው አንቺ!» ሳቀና ጠየቀኝ፣ «ለጊዜው ነው ወይስ ለዓመታት? ለጊዜው ከሆነ የድሮው ይበቃሻል። ለዓመታት ከሆነ ግን ገመዱ ከገበያ እየጠፋ ነው።»

እሱ የጠየቀኝ ስለ ገመድ ነው። እኔ ግን ጆሮዬ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የጠየቀኝ መሰለኝ።

«እስቲ ልሞክረው» አልኩ።

ርካሹን በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝና ከስልኩ ዘፈን ከፈተ። ቀኙ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ቀኙን አውጥቼ ግራውን አደረግኩ። ምንም የለም።

«ግራው ተበላሽቷል» አልኩት። በሕይወቴ አንድ ዕቃ ተበላሽቶ እንዲገኝ እንደዚያን ቀን ተመኝቼ አላውቅም።

ተቀብሎኝ ጆሮው ውስጥ ከተተና ጭንቅላቱን ከዘፈኑ ጋር ይነቀንቅ ጀመር። «ይሠራል እኮ! እንዲያውም ይጮሃል።»

ታይፕ ሲውን አወጣልኝ። በዚያኛው ከጎረቤት ግድግዳ ጀርባ የሚመጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ በግራ ጆሮዬ ሰማሁ። «ድምፁን ጨምረው» አልኩት።

«መጨረሻው ነው። ምነው፣ ጆሮሽ ቻርጅ ጨረሰ እንዴ?»

ለመሳቅ ሞከርኩ። ፊቴን ሲያይ የእሱ ሳቅ ቆመ። «ይቅርታ እህቴ፣ ለጨዋታ ነው። ሐኪም ጋ ታይተሻል?»

«አልታየሁም።»

ዘፈኑን አጠፋና፣ «የቱን ልስጥሽ?» አለኝ።

«ታይፕ ሲውን።» ርካሹን ብወስድ በገዛ ጆሮዬ ላይ የፈረድኩ መሰለኝ።

ከሱቁ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ድምፅ ከየት እንደሚመጣ የምናውቀው ሁለቱ ጆሮዎቻችን የሚሰሙትን በማነጻጸር ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ። የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋ። ከየት እንደሆነ አላወቅኩም። ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ መኪናው በግራዬ መጥቶ ልብሴን እያውለበለበ አለፈ። ከኋላ አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችና፣ «አንቺ ልጅ፣ አትሰሚም?» አለችኝ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር፤ ነርሷ ደግሞ ስም የምትጠራው ከበሩ ላይ ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ተነስቼ ልሂድ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ቦታ ቀይሬ፣ ቀኝ ጆሮዬን ወደ በሩ አድርጌ ተቀመጥኩ።