መቀሱ የድርጅቱ ነው

የሰፈሩን ሰው ሁሉ አሳምሮ የሚሸኘው ፀጉር አስተካካይ የራሱ ፀጉር ጆሮውን ሸፍኖታል። በነጭ ካፖርቱ ቀኝ ኪስ የድርጅቱን ገንዘብ፣ በግራው የራሱን ይይዛል። ሻይ ሲያምረው እጁ እንዳይሳሳት ብሎ ቀኙን በመርፌ ቁልፍ ዘግቶታል። ደንበኛ በሌለበት ሰዓትም ቆሞ ይውላል፤ ወንበሮቹ የድርጅቱ ናቸዋ!

«ጋሼ፣ የእርስዎንስ ፀጉር ማን ይቁረጥልዎ?» ብለው ይቀልዱበታል።

«መቀሱ የድርጅቱ ነው» ይላል ረጋ ብሎ። «እኔና ድርጅቱ በሕግ ፊት ሁለት ሰዎች ነን።»

አይፈረድበትም። የመጀመሪያው ሱቁ ሲከስር አበዳሪዎቹ ቤቱ ድረስ መጥተው ልጆቹ የሚተኙበትን አልጋ ሳይቀር ወስደውበታል። ሁለተኛውን ሲከፍት ግን በጠበቃ ምክር ድርጅቱን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አድርጎ አቋቋመው። «የሱቁንና የቤትህን ንብረት ብቻ አትቀላቅል» አለው ጠበቃው። «ያኔ ሱቁ ቢወድቅ እንኳ ቤትህን የሚነካብህ የለም።» እሱም ቃሉን እንደ ጸሎት ያዘው። በሱቁ ፎጣ እጁን አይጠርግም፤ በሱቁ መስታወት ፊቱን ላለማየት አንገቱን ዘወር ያደርጋል።

አንድ አመሻሽ ሚስቱ ልትወስደው መጥታ እግሩ አብጦ አየችው።

«አንተ ሰው፣ ቤቱንስ ከሱቁ አስጣልክልን» አለችው። «አንተን ከሱቁ ማን ያስጥልልን?»

ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበ።

«የእሁድን ፈቃድ እንዲሰጠኝ ነገ ድርጅቱን እጠይቃለሁ።»

«ይፈቅድልህ ይመስልሃል?»

«እንጃ» አላት ከልቡ ተክዞ። «አለቃዬ ችኮ ነው።»