ለጓሮዬ የተጸለየ ጸሎት

ሣር ባለማጨዱ ጸሎት የተደረገለት ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አለሁላችሁ።

ከደኑ አጠገብ፣ ሲቀላ ሰፈር የተከራየሁት ቤት ጓሮ አለው። ወፎችና ቢራቢሮዎች እንዲመጡልኝ ብዬ ሣሩን ሳልነካው ተውኩት፤ አሮጌ ሳፋም ቀብሬ ውኃ ሞላሁበት። ክረምቱ ሲወጣ ጓሮዬ ጫካ ሆነ፤ ደስታዬ ወደር አጣ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ጋሽ ኦይቻ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ጋር አምስት ሆነው፣ ማጭድና ገጀራ ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ታመህ ነው አይደል? ጓሮህን አይተን አዘንን። እኛ እናጭድልሃለን።»

«ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ! ሆን ብዬ ነው የተውኩት። እንግዶች ይመጡበታል።»

«የምን እንግዶች?»

«ወፎች... ቢራቢሮዎች...»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት እናት ቀረብ ብለው ግንባሬን ዳሰሱኝ፤ ትኩሳት እንዳለኝ ሊያዩ ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔ ማጭዱ ላይ ነው። ለመንኩ፣ ተለማመጥኩ፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

ጋሽ ኦይቻ በመጨረሻ ማጭዳቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያው እንጸልይልህ» አሉና አምስቱም ሣሩ ላይ ተንበረከኩ።

«ጌታ ሆይ፣ ይህ ልጅ ብቸኛ ነው። ወፍ ምን ይሆነዋል? ትልልቅ እንግዶች ላክለት!»

«አሜን!» አልኩ፣ ከሁሉም በላይ ጮኬ። ሣሬ ተርፏላ!

ሲሄዱ የግቢውን በር ገርበብ አድርገው ትተውት ኖሯል። በማግስቱ ማለዳ ወደ ጓሮ ብወጣ አንዲት ከርከሮ ከአራት ግልገሎቿ ጋር ገብታለች። እነጋሽ ኦይቻ በጸለዩበት ቦታ ላይ፣ አምስቱም በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ሣሬን ይግጣሉ።